ሦስተኛው ካንዴላ

ከየካ ሚካኤል ጀርባ ካለው ቤታችን እስከ እንጦጦ ፓርክ ልጄን በየጠዋቱ የማደርሳት እኔ ነኝ። ፓርኩ ውስጥ ያለ ካፌ ቀጥሯት የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። አለቃዋ "ከእንግዲህ ካረፈድሽ እንዳትመጪ" ብሏታል። የምታረፍደው ደግሞ በእኔ መኪና ምክንያት ነበር።

ሞተሩ ሚስ ያደርጋል። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ አልነድ ይልና መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ዳገቱ ላይ ትለግማለች። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ እግረኛ ይቀድመናል።

"አባዬ፣ በቃ ጋራዥ ውሰዳት።"

"ጋራዥ የሚሄደው የማያውቅ ሰው ነው" አልኳት።

ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ሰው የራሱን ነገር በራሱ እጅ ማቃናት አለበት እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። እነሱም መስማት ሰልችቷቸዋል።

የማይነደው ሦስተኛው ሲሊንደር መሆኑን ለየሁ። እሳት የሚጭረውን ያረጀ ካንዴላ በአዲስ ተካሁ። ያን ዕለት ከሰዓት ጸጥ ብሎ ሠራ፤ በማግስቱ ጠዋት ያው ሆነ። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያየርኩ። አሁንም ከሰዓት ደህና፣ ጠዋት ያው። ወገቤ ተቆረጠ። እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንኳ ያ መንተፋተፍ ይሰማኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት ዳገቱ መሀል ስትቆምብን ልጄ ወርዳ ሽቅብ ሮጠች። እኔ እዚያው መንገድ ዳር ካንዴላውን ፈታሁ። ካንዴላው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ነበር። ዘይት ነው እንዳልል አይደለም፤ የራዲያተሩም አይደለም፣ ቀለም የለውም። ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል። በጨርቅ ባደርቀው ተነሳች። ልጄም ለጥቂት እንደደረሰች ማታ ነገረችን።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ኮፈኑን ከፍቼ ዘይት ለካሁና እጄን ልታጠብ ገባሁ። ስመለስ ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከጠርሙስ የእንጦጦ ማርያምን ጸበል ሞተሩ ላይ ታንቆረቁራለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"አንተ በመፍቻ ሞከርክ አይደል? እኔ በጸበል ልሞክር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ልጅቷ መጀመሪያ ካረፈደችበት ቀን ጀምሮ ነዋ። በፊት ረጨት ነበር የማደርገው፤ ሲብስበት ጨመርኩ።"

"እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ። ውሃ ከገባበት አይነድም።"

"ጸበል ነው እኮ!"

"ለካንዴላው ውሃ ነው።"

ጠርሙሱን ከደነች። የማያውቁትን ስላለመንካት የምናገረው ምክር አፌ ላይ ነበር፤ ግን ለመቆጣትም አቅም ይጠይቃል። ሁለታችንም ለአንዲት ልጅ ብለን፣ እኔ የሞተሩ ሙቀት ካደረቀው በኋላ ከሰዓት የምጠግነውን እሷ ጠዋት ታረጥበው ነበር።

"ከእንግዲህ እኔ ላይ ርጪው" አልኳት።

"ኧረ ተመስገን! አንተ ነህ ይህን ያልከው?" ብላ አልሳሳችልኝም፤ ከአናቴ እስከ ማጅራቴ አወረደችው።

ጉድጓዱን አድርቄ ተነሳን። ልጄ ቦርሳዋን እንዳቀፈች፣ አሁን ትቆማለች እያለች ሞተሩን ታዳምጣለች። ባሕር ዛፉን አለፍን። መኪናዋ አልተንቀጠቀጠችም። የፓርኩ በር ጋ ስንደርስ ገና የመግቢያ ሰዓቷ አልሞላም ነበር።

"አባዬ፣ አንገትህ ለምን ረጠበ?"

"እናትሽን ጠይቂ። ግቢ አሁን፣ አታርፍጂ።"

እስክትገባ ድረስ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆየሁ። ብርድ ብርድ ይለኝ ነበር።