ጌዳልያ የደበቃቸው ዘርፎች

ጌዳልያ ኢየሩሳሌም ውስጥ በጸሎት ልብስ አራት ማዕዘን ላይ የፈጣሪን ትእዛዛት የሚያስታውሰውን የክር ዘርፍ እየቋጠረ ያረጀ ሰው ነበር። የተበጠሰ ክር እንኳ ቆሻሻ ውስጥ አይጥልም፤ በጸሎት መጽሐፉ ገጾች መካከል ያኖረዋል እንጂ። ታዲያ አንድ ቀን ልጁ ኤላድ ባለዘርፉን ልብሱን አውልቆ የብስክሌቱን ሰንሰለት ሲወለውልበት ጌዳልያ ደረሰ።

«አንተ! በምን እንደምትወለውል ታውቃለህ?»

«ከእንግዲህ አልለብሰውም አባባ። ለእኔ ጨርቅ ነው።»

«እንግዲያው እኔም ላንተ አባት አይደለሁም። ውጣልኝ!»

ኤላድ ወጣ። እህቱ ቲርጻ ልታስታርቃቸው ብትለምንም አባቷ አሻፈረኝ አለ። በሦስተኛው ዓመት ኤላድን መኪና ገጨው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ከተቀበረ በሠላሳኛው ቀን ጌዳልያ ከቲርጻ ጋር ወደ መቃብሩ ሄደ። ዘርፎቹ እንደ ልማዱ ከኮቱ በታች ተንጠልጥለዋል። ቲርጻ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«አባባ፣ ዘርፎቹን ያስገቧቸው እንጂ።»

ጌዳልያ ደነገጠ። ሙታን ትእዛዝ መፈጸም አይችሉምና በፊታቸው ዘርፍ አንጠልጥሎ መሄድ በድሃ ላይ እንደ ማላገጥ ይቆጠራል፤ ይህን ለስንቱ ያስተማረው እሱ ራሱ ነበር።

«እንዳይከፋው ብዬ ልደብቅ?» አለ። «ለሞተው እንዲህ የምጠነቀቅ ሰው፣ በቁሙ ሳለ...»

አራቱንም ዘርፎች አንድ በአንድ ከሸሚዙ ሥር ከተታቸው። የሙታን ጸሎት ጀምሮ መሃል ላይ ሲቆም፣ ቲርጻ ቀስ ብላ ቃሉን አቀበለችው። እንደ ወጉ መቃብሩ ላይ ጠጠር አኑረው ሲመለሱ፣ አውቶቡስ ውስጥም ዘርፎቹን መልሶ አላወጣቸውም።