ተሻለችና ትራክተር ላይ የገጠመችው መሸከሚያ

ሐኪሙ የተናገረውን ለተሻለች የተረጎመላት ታላቅ ወንድሟ ባህሩ ነበር፤ ሲተረጉም ደግሞ ከራሱ ጨመረበት። ሐኪሙ «ከባድ ነገር አታንሺ» ነው ያለው። ባህሩ ግን «እርሻውን ተይ ብሎሻል» አላት። የእሷ እንግሊዝኛ ከሆቴል ሥራ ባያልፍም ልዩነቱን ለይታ ሰምታለች። ካፖርቷን ለበሰች።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2011 ጸደይ ነው። ተሻለች ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ካናዳ ውስጥ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ተከራይታ እየኖረች ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል ለዓመታት አልጋ ስታነጥፍ፣ ፍራሽ ስታነሳ ስትጥል ወገቧ ተበላሸ። ከስካርቦሮ ወዲያ፣ ከተማው አልቆ ማሳ በሚጀምርበት ቦታ፣ ግራንት ከሚባል ሽማግሌ ገበሬ ቁራሽ መሬት ተከራይታ ድንችና ጎመን ትተክላለች። ምርቱን ብሉር ጎዳና ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ይወስዱላታል። ችግሩ ማሳው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ ነው። መኪና የሚቆመው ከላይ መንገዱ ዳር ስለሆነ እያንዳንዱን ጆንያ ዳገቱን ተሸክማ ነበር የምታወጣው።

እሑድ ባህሩ ቤት ምሳ ላይ ነገሩ ተነሳ።

«ሰው ምን ይለኛል?» አለ ባህሩ። «እህቱን ካናዳ ድረስ ስፖንሰር አድርጎ አምጥቶ ድንች ያሸክማታል ይሉኛል።»

«አልሸከምም።»

«ታዲያ ማን ሊሸከምልሽ ነው?»

«ትራክተሩ።»

ባህሩ ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች። ተሻለች ግን የምሯን ነበር። ግራንት ለእርሻ የሚያውሳት አሮጌ ትራክተር ከኋላው ሁለት የብረት ክንዶች አሉት፤ እጀታውን ሲስቡት ማረሻውን ከነአፈሩ ብድግ ያደርጉታል። ማረሻ ካነሳ ጆንያ የማያነሳበት ምክንያት አልታያትም። ግራንት ተሠርቶ የሚሸጥ መሸከሚያ እንዳለ ቢነግራትም እሷ የራሷን ልትሠራ ቆርጣ ነበር። አርሲ፣ ኢተያ፣ ልጅ ሳለች የስንዴ ማሳ ላይ ትራክተር በተጠጋች ቁጥር «ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» እያሉ ያባርሯት ነበር። እዚህ ማን ያባርራታል?

የምትኖርበት ሕንፃ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሰው የጣለው የአልጋ ብረት አይጠፋም። መርጣ አወጣችና ማሳው ላይ በእጅ መጋዝ ቆርጣ፣ በቡሎን አሰረች። ላዩ ላይ ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ፣ ፓሌት የሚሉትን፣ አስቀመጠችና ከትራክተሩ ክንዶች ጋር ገጠመችው።

የመጀመሪያው ድንች በወጣ ቀን ባህሩ ሳይደውል መጣ። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። ተሻለች ጆንያዎቹን ጭና እጀታውን ስትስበው ፓሌቱ ቀስ ብሎ ተነሳ። ፊቷ በራ። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ግን ብረቱ ቀጭ አለ፤ ፓሌቱ ዘመመ፣ ጆንያዎቹ ተንሸራተው ወደቁና ድንቹ ቁልቁል ተንከባለለ።

«አየሽ? አሁንስ ገባሽ?» አለ ባህሩ። «በቃ ውረጂ፣ ቤት ላድርስሽ።»

ማልቀስ አምሯት እንደነበር ኋላ ለጓደኞቿ ተናግራለች። ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

«ጋሼ፣ ቀርጸህ ጨረስክ?»

«እ?»

«ከጨረስክ ስልክህን ኪስህ ክተትና ድንቹን ልቀም። ሐኪሙ የከለከለው እኔን ነው፤ አንተን አይደለም።»

ባህሩ በዚያ በተወለወለ ጫማው እያጉረመረመ ለቀመ።

በማግስቱ ስብርባሪውን ይዛ ሬክስዴል ወደሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሄደች። በያጁ ይመር የወሎ ልጅ ነው። ብረቱን አገላብጦ አየና «እትዬ ተሻለች፣ የአልጋ ብረት ደረቅ ነው። ሲከብደው አይታጠፍም፣ ይሰበራል» አላት።

«እንግዲያው የሚታጠፈውን ስጠኝ።»

«እርስዎ ይረፉ፣ እኔ ሠርቼ አመጣልዎታለሁ።»

«አይሆንም። የለካሁት እኔ ነኝ። አንተ ያልኩህ ቦታ ላይ በይድ።»

ወፍራም ቱቦላሬ መረጡ። የመጨረሻውን ብየዳ ግን ጭምብሉን ተቀብላ ራሷ በየደችው። ጠማማ ሆነ። ይመር ፍቆ አንስቶ ሊደግመው ሲል እጁን ያዘችው።

«ይዟል ወይስ አልያዘም?»

«ይዟል።»

«ተወው በቃ።»

አዲሱ አልተሰበረም። ነገር ግን ዳገቱ ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ጎተተና የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሱ። ተሻለች ደንግጣ ጭነቱን ወዲያው አወረደችው። ግራንት እየሮጠ መጥቶ ሜዳ ላይ ብቻ እንድትነዳው ለመናት። መኪናው የሚቆመው ግን ከዳገቱ በላይ ነው። ስለዚህ ጭነቱ ወደ ትራክተሩ እንዲጠጋ ፓሌቱን አሳጠረችው፤ ከፊት የብረት ሣጥን አንጠልጥላም ከማሳዋ በለቀመችው ድንጋይ ሞላችው። ዳገቱንም በኋላ ማርሽ፣ ጭነቱን አስቀድማ መውጣት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ጎማዎቹ መሬት ለቀው አያውቁም። አንዲት ባለነጠላ ሴትዮ ትራክተር ላይ ተቀምጣ ወደ ኋላዋ እያየች ዳገት ስትወጣ መንገዱ ላይ መኪና አቁሞ የሚስቅ አልጠፋም። እሷ እጇን እያውለበለበች ታልፋቸዋለች።

በዚያ መኸር ከወገቧ በላይ ያነሳችው ነገር የለም። መሸከሚያውን መሬት ድረስ ታወርድና ጆንያውን እላዩ ላይ እንዳለ ትሞላዋለች፤ ላይ ስትደርስ መንገድ ዳር ከቆመው ቫን ወለል እኩል ታነሳውና ጎትታ ታስገባዋለች። ምርቱን ሁሉ እንዲህ አድርጋ ጨረሰች።

የመጨረሻው ጎመን ከተጫነ በኋላ ግራንትን ከማሳዋ አጠገብ ያለውን ጦም አዳሪ መሬት እንዲያከራያት ጠየቀችው፤ እሺ አላት። ወሬው ባህሩ ጋ ሲደርስ ደወለላት።

«ይኼ መሬት መጨመር የሚሉት ነገር እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ተሻለች፣ አሁንስ አይበቃሽም?»

«ገና ምን አይተህ፣ ጋሼ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ለከርሞ የሚሆን ነጭ ሽንኩርቷን ለመትከል ትራክተሩን አስነስታ አዲሱን መሬት ማረስ ጀመረች።