ቀትር ላይ የሚቆረጠው መንዙማ

ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ሸዋ ሮቢትን ሊለቅ ሲል፣ በስተግራ በኩል የእትዬ ሰይዳ ጎሚስታ ነበር። «የእትዬ ሰይዳ» የምለው እኔ ነኝ እንጂ፣ የአገሩ ሰው እስከ መጨረሻው «አሊዪ ጎሚስታ» ሲል ኖሯል። ባለቤቷ አሊዪ ከሞተ በኋላ እንኳ መንገደኛ ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው «አሊዪ አለ?» ይሉ ነበር። እሷም ከጓዳ ብቅ ብላ «አለ፤ ግቡ» ትላለች። እኔ በዚያን ዘመን ከመንገዱ ማዶ ተከራይቼ የምኖር አስተማሪ ነበርኩና መጀመሪያ ላይ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ቀልድ አልነበረም። አሊዪ በርግጥም እዚያ ቤት ውስጥ ይሰማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሊዪ ሙያውን የተማረው በወጣትነቱ ደብረ ብርሃን ወጥቶ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ ነው። የተበሳ ካላማዳሪያ፣ የጎማው ውስጠኛ ላስቲክ፣ ሲጠገን ቀዳዳው ዙሪያ ይሞረዳል፣ ይጠረጋል፣ ማስቲሽ የሚባለው ማጣበቂያ ይቀባል፤ ማስቲሹ ጠፈፍ እስኪል ተጠብቆ ልጣፊው ይጫንበታል። ታዲያ ምን ያህል ይጠበቅ? ሽማግሌው በሰዓት አያስተምሩም። አሊዪ መለኪያውን ከራሱ አመጣ። እናቱ ታዜማት ከነበረች መንዙማ አንድ ቤት ቀስ አድርጎ ያዜማል፤ ቤቷ ስታልቅ ማስቲሹ ደርሷል። ወደ ሮቢት ተመልሶ የራሱን ቤት ሲከፍትም ሠራተኞቹን ያስተማረው ይህንኑ ነው። ልዑል የሚባለው ክርስቲያን ሠራተኛ ሳይቀር ማተቡን አንገቱ ላይ አስሮ መንዙማ ሲያዜም መንገደኛው ቆሞ ይስቅበታል።

«ልዑል፣ ልትሰልም ነው እንዴ?»

«የሰለመው ጎማው ነው፤ እኔ አጅበዋለሁ» ይላል እሱ።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ አሊዪ በአንድ ወዳጁ አይሱዙ ተሳፍሮ ወደ ካራቆሬ ሲሄድ ጀውሃ ሳይደርሱ የፊት ጎማው ተንፍሶ መኪናው ተገለበጠ። ሾፌሩ ተረፈ። አሊዪ አልተረፈም። ከጎማው ውስጥ የወጣው ካላማዳሪያ በዚያው ዕለት በገዛ ጎሚስታው የተጠገነ ነበር። ልጣፊው እንደ ደረቀ ቁስል ቅርፊት ሙሉውን ተነስቷል። የለጠፈው ደግሞ ሸሪፍ ነው፤ አሊዪ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው፣ ሙያውንም ዜማውንም ከሁሉ አጥርቶ የያዘው ወጣት ሠራተኛ።

ሐዘኑ ሲበርድ የአሊዪ ወንድም በድሩ፣ የማሾ ነጋዴው፣ መጣ።

«ሰይዳ፣ ይህ ልጅ ከዚህ ግቢ ይውጣ።»

«ለምን?»

«ለምን ትይኛለሽ? ወንድሜን የገደለ እጅ አንቺን እንጀራ ሲያበላ ቆሜ ልይ?»

«የእጁ ጥፋት መሆኑን አሳየኝና እኔው አስወጣዋለሁ።»

«ልጣፊውን አላየሽም?»

«አየሁ። ያየሁት ግን አንድ ልጣፊ ነው።»

በድሩ ተነስቶ ሽርጡን አጠበቀ። «እስከ ዐረፋ እታገሣለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ የማስወጣው።»

ሰይዳ ሸሪፍን ማባረር ይከብዳት የነበረው ስለምታምነው ብቻ አልነበረም። ቀትር ላይ፣ አስፋልቱ ሲፍለቀለቅና ከተማው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሸሽ፣ እሷ ጓዳ ውስጥ ጋደም ትላለች። ያን ጊዜ ከውጭ የአሊዪ ድምፅ ይመጣል። በመንዙማዋ ቤት መጨረሻ ላይ አሊዪ ትንፋሽ አጥሮት የሚሰብራት አንዲት ቃል ነበረች፤ ሸሪፍም እዚያው ቃል ላይ ይሰብራታል። «ፀጉሬ ይቆማል፤ ግን እንዳያቆም እፈራለሁ» ብላኛለች አንድ ቀን።

ይሁን እንጂ ገዳዩ እጅ የማን እንደሆነ ማወቅ ነበረባት። በልጅነቷ በትምባሆ እርሻ ቅጠል ለቃሚ ነበረች፤ የላዩን ቅጠል ከላዩ፣ የታችኛውን ከታችኛው ለይቶ በገመድ መስቀል ታውቃለች። ተቀላቅሎ ሲታይ በሽታው ከየት እንደጀመረ አይታወቅም፤ ሲለያይ ነው የሚታየው። እናም በግቢው ሦስት ሽቦ ወጠረች፤ አንዱ ለሸሪፍ፣ አንዱ ለልዑል፣ አንዱ ለሦስተኛው ሠራተኛ ለሙዐዊያ። እያንዳንዱ የለጠፈው ላይ ምልክቱን ይጭራል፤ ልጣፊው ለቆ የተመለሰ ካላማዳሪያ ሁሉ በለጠፈው ሰው ሽቦ ላይ ይሰቀላል። ሾፌሮቹንም ልጣፊው መንገድ ላይ ለቆባቸው ሌላ ከተማ ያስጠገኑትን ሳይቀር አሮጌውን እንዲያመጡላት ለመነች።

«እትዬ ሰይዳ፣ ቋንጣ መስቀል ጀመሩ?» አላት ደሳለኝ የሚባል የጭነት ሾፌር።

«አዎ፣ አንተን ነበር የምጠብቀው፤ ስብ አለህ» አለችው።

ሳምንታት አለፉ። የሸሪፍ ሽቦ ከሌሎቹ አልከበደም። በድሩ አይቶ «ስታዪው ይጠነቀቃል» ብሎ ሄደ። እሷም አወረደቻቸውና እንደገና ለየቻቸው። የትልቅ መኪና ከትንሽ፣ አዲስ ከአሮጌ። ምንም አልተገኘም። ያን ጊዜ ነው ሰዓቱ ትዝ ያላት። ከበር ቅብ የተረፈ ቀለም ነበራት። ጠዋት የተለጠፈውን ነጭ፣ ቀትር ላይ የተለጠፈውን ቀይ፣ ከዐስር በኋላ የተለጠፈውን ሰማያዊ አስነካች። በተጨማሪም አንድ ሥራ ባለቀ ቁጥር አንድ ቆርኪ ለየሰዓቱ ካስቀመጠቻቸው ሦስት ጣሳዎች በአንዱ ውስጥ እንዲጣል አዘዘች።

«ቆርኪው ለምንድን ነው?» ብላት፣

«የተመለሰውን ብቻ ባይ፣ ብዙ የተሠራበት ሰዓት ያለጥፋቱ ይወነጀላላ!» አለችኝ። እኔ ክፍልፋይ አስተምር ነበር፤ ይህን ያህል አጥርቼ ማስተማሬን ግን እንጃ።

ቀለም የነኩት መመለስ ሲጀምሩ ውጤቱ ወጣ። የቀትሩ ጣሳ ከሦስቱ ቀላሉ ነበር፤ በቀትር ሾፌሩ ሁሉ ጥላ ስር ስለሚተኛ ሥራ የለም። ሽቦዎቹ ላይ ግን ቀይ በቀይ ሆኗል። በሦስቱም።

«አላልኩም?» አለ ሙዐዊያ ወደ ኋላ እያፈገፈገ። «የቀትር ጋኔን ነው። ጋሼ አሊዪንም የወሰደ እሱ ነው። እኔ ወላሂ ከእንግዲህ በዙህር ሶላት ሰዓት ጎማ አልነካም!»

ልዑልም አማተበ። ሰይዳ ራሷ ለጥቂት ቀናት በቀትር ጓዳ መግባት ፈራች። የምትሰማው ድምፅ የማን ነበር? ያ ዜማ እየጠራ የሚወስደው ማንን ነው?

በመጨረሻ አንድ ቀትር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና ሸሪፍ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሸሪፍ ሞረደ፣ ጠረገ፣ ማስቲሹን ቀባ፣ ማዜም ጀመረ። ከሮቢ ወንዝ በኩል የሚመጣው ትኩስ ነፋስ አቧራ ያነሳል። ዜማው ገና እመሃል ሳይደርስ ጣቷን ማስቲሹ ላይ አሳረፈች። ደርቋል። ቤቷ እስክታልቅ ደግሞ ላዩ ላይ አመድ የመሰለ ትቢያ ተኛበት። ሸሪፍም ያችን ቃል እቦታዋ ላይ ሰብሮ፣ ልጣፊውን አንስቶ በትቢያው ላይ ሊጫን ሲል እጁን ያዘችው።

የዜማዋ ልክ የደብረ ብርሃን ነበር። የተለካችው በብርድ ነው።

«ሸሪፍ» አለችው፤ «ያን ቀን የአይሱዙውን ስትለጥፍ ሰዓቱ መቼ ነበር?»

ልጣፊውን አስቀመጠ። «ይተዉት እትዬ።»

«መቼ ነበር?»

«በቀትር፤ ዙህር ሊደርስ ሲል።»

«ማስቲሹ መድረቁን አላየህም?»

«አይቻለሁ።» አንገቱን ደፋ። «ከመሃል አቁሜ ልለጥፍ ነበር። ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል። ‹ጨርሳት እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል› አሉኝ። አብረውኝ አዜሙ። ጨረስናት።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?»

«ሙት ልክሰስ እትዬ? የእኔ መባረር ይቀላል።»

ሰይዳ ልጣፊውን አንስታ መልሳ ሰጠችው። ከዚያ «ከዛሬ ጀምሮ በቀትር ከመሃል ትቆርጣታለህ» አለችው። «ሥራውም ዳስ ተሠርቶ በውስጡ ይሁን፤ ነፋስ በማይገባበት። ጠዋትና ማታ እንደ ልማድህ ጨርሳት።»

«የጋሼን ዜማ?»

«የጋሼን ዜማ።»

ለሦስቱም አዲሱን አሠራር ራሷ አስተማረች፤ ከዜማው ጋር ማስቲሹን በጣት ጀርባ ነክቶ ማወቅን ጨምራ። ሙዐዊያ በብዙ ልመና ወደ ቀትር ሥራ ተመለሰ። ሽቦዎቹን ባዶ አድርጋ እንደገና ጠበቀች። ዐረፋ ሲቃረብ ቀይ የተቀባ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣ ነበር፤ ከነጩም ከሰማያዊውም አይበልጥም።

በድሩ በቀጠሮው መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ፊቱ ጠቆረ።

«ወንድሜን በመቃብሩ ታዋርጂዋለሽ?»

«የለጠፈው ሸሪፍ ነው፤ ያስተማረው አሊዪ ነው። ይህን ሽቦ በሕይወት ሳለ ባሳየው ኖሮ ራሱ ይቆርጣት ነበር። ወንድምህን ታውቀዋለህ።»

በድሩ ሽቦዎቹ ስር ሄዶ ቆመ። «‹ጨርሳት› አለው?»

«አለው።»

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ፤ «እሱ ምንም ነገር ከመሃል አያቋርጥም ነበር።» ወጥቶ ሄደ። ከዐረፋ በኋላ ግን ማሾ የሚጭንባትን ፒካፕ በጠራራ ቀትር ነድቶ መጣና፣ ከፊት ጎማዎቿ ቀስ እያለ የሚተነፍሰውን ፈትቶ ሸሪፍ እግር ሥር አስቀመጠው። ተለጥፎ እስኪያልቅ ቆሞ አየ።

ከዚያ በኋላ ሮቢት የቆየሁት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሸሪፍ ድምፅ ከዳሱ ውስጥ ይነሳል፤ እመሃል ላይ ይቆረጣል። የልጣፊው መምቻ መዶሻ ይሰማል። ያን ጊዜ ሰይዳ ጓዳዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ከሆነ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ድምፅ የለውም። የቀረውን ግማሽ ይዛ ትሄድና፣ እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ሰብራ ትጨርሰዋለች።

አንድ ቀን እንዲሁ እያለች አንድ መንገደኛ ሾፌር ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ «አሊዪ አለ?» አላት።

እስክትጨርስ አስጠበቀችው። ከዚያ «አለ፤ ግቡ» አለችው።