ምትኬ የሚባለው ስሜ

ስሜን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ምትኬ አለኝ። ወላጆቼ ሆሳዕና ከተማ በገቡ በዓመቱ ታላቅ እህቴ በኩፍኝ ሞታባቸው ነበር። እኔ ስወለድ አባቴ «እግዜር ምትኳን ሰጠኝ» ብሎ ደስ አለው። በእሱ አገር፣ በሰሜን፣ ልጅ ሞቶበት ሌላ ያገኘ ሰው ሴቷን ምትኬ፣ ወንዱን ምትኩ ይላል። እናቴ ግን ስሙን ጠላችው። «አንዷን መውሰዱን ለሞት ማስታወስ ነው» ትል ነበር።

እኔም አልወደድኩት። የእህቴን ቀሚስ ለብሼ፣ የእህቴ መደብ ላይ ተኝቼ አደግሁ። ሴቶቹ ባዩኝ ቁጥር «ቁርጥ እሷን!» ይላሉ፤ ያላየኋት ልጅ ፊቴ ላይ የተቀመጠች ይመስለኝ ነበር።

እህቴ በሞተችበት ዕድሜ እኔንም ትኩሳት ጣለኝ። አባቴ ጠበል ሊያመጣ ወጣ። እናቴ አልጠበቀችውም፤ ሐድያዋን ጎረቤታችንን ጠርታ በጓሮ በኩል፣ በእንሰቱ መሀል እኔን አሾልካ ሰጠቻት። ሞት ቢመጣ ቤት እንዳያገኘኝ ብላ ነው። ጎረቤታችን ቆጮ በወተት እያጎረሰች አስታመመችኝ። ሲሻለኝ እጄን ይዛ በራችን ላይ ቆመችና «ልጅ አለችኝ፤ ትገዢኛለሽ?» አለች። እናቴም አንድ ቅል ገብስ ሰጥታ «የማንም ትሁን፣ ላሳድጋት» ብላ ገዛችኝ። ጨዋታ መስሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሌሎች እናቶች እንዲህ ከገዙ በኋላ ልጃቸውን ልጄ ይላሉ። የእኔዋ ግን ሞት ልጇ መሆኔን እንዳያውቅ ፈራች። ከዚያ ወዲያ ስሜን አልጠራችም፤ «ልጄ»ም አላለችኝም። እንግዳ ከጠየቃት «የሰው ልጅ ናት» ትላለች። ጸጉሬን ስትሠራኝ እጇ እንዴት ይለሰልስ ነበር! ከአፏ ግን ምንም አይወጣም። ልጅ ነኝና አመንኳት። የጎረቤታችንን ጎጆ እያየሁ «እናቴስ እሷ ትሆን?» እያልኩ ስንቴ አለቀስኩ!

ተድሬ ወደ ዳምቦያ ልወሰድ ስል ሚዜዎቹ ደጅ ይጨፍራሉ፤ ጓዳ ውስጥ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ቀረን። የዓመታት ንዴቴ ገነፈለ።

«እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ልጄ በይኝ! አንድ ጊዜ ብቻ!» ብዬ ጮህኩባት።

ዘላ አፌን በመዳፏ ከደነችው። ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣

«ቀስ በይ» አለችኝ፤ «ይሰማል።»