«ሜይ ኖት» የተባለው ውሃ

ደሴ ሰባተኛ ክፍል ስማር የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጽፈው ደብተራችን ላይ ያስገለበጡን መስመር ነበር፤ «ሜይ ማለት ፈቃድ ነው። ሜይ ኖት ማለት ክልከላ ነው።» አርፍደን ስንመጣ በሩ ላይ ቆመን «ሜይ አይ ካም ኢን፣ ሰር?» እንላለን። ደስ ያላቸው ቀን «ዩ ሜይ» ይሉናል። የከፋቸው ቀን «ዩ ሜይ ኖት» ይሉና ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ እንቆማለን። ቃሏን በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በእግሬም ጭምር ተምሬያታለሁ ማለት ነው። ኮሌጅ ስገባም ያቺኑ ይዤ ገባሁ፤ ስወጣም ያቺኑ ይዤ ወጣሁ። ሌላ ትርጉም አስተምረውኝ ይሆናል። እኔ ግን አልሰማሁም።

አሶሳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። አንዱ ቢሮ የግለሰብ ሳሎን ውስጥ፣ ሌላው ድሮ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ታፔላዎቹ ላይ ያለው ቀለም ሲነካ እጅ ላይ ይቀራል። ተማሪዎቼ እቤታቸው በርታኛ ያወራሉ፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፤ እኔ ደግሞ በአማርኛ እንግሊዝኛ አስተምራቸዋለሁ። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ግን በሰፈራ የመጡ የወሎ ሰዎች በገዛ አገሬ ቅላፄ በበርበሬ ዋጋ ሲከራከሩ እሰማና የት እንዳለሁ ለአፍታ ይጠፋኛል።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ የውሃ ጉዳይ ከሚከታተለው ቢሮ ሰው ተላከብኝ። ኃላፊው ረጋ ያሉ፣ ወረቀት ሲይዙ በሁለት እጅ የሚይዙ ሰው ነበሩ።

«መምህርት፣ እንግሊዝኛ አንባቢያችን አዲስ አበባ ሥልጠና ሄዷል» አሉኝ። «የእኔ እንግሊዝኛ ከመድኃኒት ጠርሙስ አያልፍም። ይቺን ባማርኛ አድርጊልኝ።»

አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ደብዳቤ ነው። አንድ የውጭ አገር የውሃ ባለሙያ በባምባሲ መንገድ ባለች አንዲት መንደር የተተከለውን የእጅ ፓምፕ አይቶ፣ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ሄዶ ነበር። የምርመራው ውጤት ነው የመጣው። ቁጥሮቹን ዘለልኳቸው። ከሥር የዋናው ነገር ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ «ዚስ ዋተር ሜይ ኖት ቢ ሴፍ ቱ ድሪንክ»።

እዚህ ጋ ብዕሬ ቆመ። ሜይ ኖት ክልከላ ነው። ቃል በቃል ስገለብጠው «ይህ ውሃ ለመጠጥ ደኅና እንዲሆን አይፈቀድለትም» ሆነ። ደጋግሜ አነበብኩት። ውሃን ደኅና እንዳይሆን የሚከለክል ማነው? ፈረንጅ ሲጽፍ እንዲህ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መቼም ሊል የፈለገው ግልጽ ነው አልኩና አስተካክዬ ጻፍኩት፤ «ይህን ውሃ መጠጣት አይፈቀድም።» ቀጥሎ ሌላ ናሙና እንዲላክ የሚል ነበር፤ እሱንም ጻፍኩ።

ኃላፊው አንብበው ፊታቸው በራ። «እንዲህ ቁርጥ ያለ ነገር ነው የሚያስፈልገን» አሉ። «ቅዳሜ አብረሽን ሄደሽ አንቺው ታነቢላቸዋለሽ።»

ኩራት ተሰማኝ። ለሌላው ሁሉ ገና ልጅ ነኝ፤ ለዚያ ደብዳቤ ግን ባለሥልጣን ነበርኩ።

ቅዳሜ በቢሮው ፒካፕ ሄድን። ሰዉ ማንጎ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው። አማርኛዬን ወደ በርታኛ የሚመልሰው አሶሳ ገበያ ጨውና ልብስ የሚነግድ የመንደሩ ሰው ነበር። አማርኛው ፈጣን ነው፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም። እኔን «አንተ መምህር» ይለኛል። መጀመሪያ ሣቄ መጣ፤ ኋላ ለመድኩት።

«ይህን ውሃ መጠጣት አይፈቀድም» ብዬ አነበብኩ።

ነጋዴው አልተረጎመም። ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «አይፈቀድም ማለት... ሐራም?» አለኝ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። ወሎ ያደገ ሰው ሐራም የሚለውን ቃል አያጣውም። ግን የዚያን ቀን ክብደቱን አልመዘንኩትም። አይፈቀድም ክልክል ነው፤ ክልክል ደግሞ ሐራም ነው፤ ደብተሬ ላይ ያለው ሁሉ ይስማማል። «እንደዚያው ነው» አልኩት።

ተረጎመው። ከዚያ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ረጅም አሮጊት ተነሥታ አንድ ነገር ጠየቀች። ነጋዴው፣ «ሴትዮው ይላል፤ ማን ከለከለ ይላል» አለኝ።

«ወረቀቱ» አልኩ፤ ወረቀቱንም ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

አሮጊቷ ወረቀቱን አየች፤ ፓምፑን አየች፤ ተቀመጠች። የቢሮው ቴክኒሺያን የፓምፑን እጀታ ፈታና ፒካፑ ላይ ወረወረው። ብረቱ ሲያርፍ ያሰማውን ድምፅ አስታውሳለሁ። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን አንሥተው ፓምፑ ሳይመጣ በፊት ወደሚቀዱበት ወንዝ አቅጣጫ ሲያዘግሙ እኛ ወደ አሶሳ ተመለስን። መንገድ ላይ ኃላፊው፣ «ሕዝብ አዳንሽ» አሉኝ። አመንኳቸው።

በጋው ረዘመ። ሁለተኛው ናሙና አልተላከም፤ የተከለከለ ውሃ ምን ብሎ ይመረመራል ተባለ መሰለኝ። እኔም ረሳሁት። የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ላይ እንኳ «ዩ ሜይ ኖት ስሞክ ሂር» የሚል ጥያቄ አውጥቼ ክልከላ ያላለውን ሁሉ ኤክስ አደረግኩበት።

ሙቀቱ በጠናበት ወቅት ያ የውጭ አገር ባለሙያ ተመልሶ መጣ። እንግሊዝኛ አንባቢው አሁንም አልነበረም፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ። አጭር፣ ባርኔጣው ከፀሐይ የነጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ነው። መንደሩ ደርሰን ፓምፑን ሲያይ ቆመ። እጀታው የለም። ሥሩ ደርቋል። አፉ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ማነው የፈታው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ቢሮው። እርስዎ ስለከለከሉ።»

«እኔ አልከለከልኩም።»

ደብዳቤውን ይዤው ነበር። አውጥቼ ዐረፍተ ነገሯ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። «አዎ፤ ሜይ ኖት» አለ። «ደኅና ላይሆን ይችላል ነው ያልኩት። ሊሆንም ይችላል። አላወቅኩም ነበር። ለዚህ ነው ሁለተኛ ናሙና ላኩልኝ ያልኩት።»

አልገባኝም። በእውነት አልገባኝም። «ሜይ ፈቃድ ነው» አልኩት፤ ለተማሪ እንደሚነገር አድርጌ።

«አንዳንዴ» አለና ሰማዩን አሳየኝ። «ነገ ሊዘንብ ይችላል ስንልም ሜይ ነው የምንለው። ለዝናብ ማን ይፈቅድለታል?»

እኔ ያደግኩበት አገር ለዝናብ ማን እንደሚፈቅድለት ይታወቃል። «እግዜር» አልኩት። ሊሥቅ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ራሴ ውስጥ ፈቃድና ጥርጣሬ ተቀላቅለው አልፈታ አሉኝ። አንዲት ቃል እንዴት በአንድ አፍ «አትጠጡ» ትላለች፣ በሌላ አፍ «እኔ እንጃ» ትላለች? ደግሞስ ሁለቱን በምን ይለዩአቸዋል? ጠየቅኩት። «ከነገሩ ይታወቃል» አለኝ። ከነገሩ! እኔ እኮ ነገሩን የምይዘው በቃሉ ነው።

ይህን ስንነጋገር ሰዉ ማንጎው ሥር ተሰብስቦ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ቀኝ እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ነጋዴውን ምን ሆና ነው አልኩት።

«ወንዝ መንገድ ወደቀ። ድንጋይ ያንሸራትታል። እጁ ተሰበረ» አለ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ዝናብ ዘነበ እንደሚል ነው ያወራኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥቂት ደቂቃ እስከ ዛሬ በደንብ አላስታውሰውም። ባለሙያው ጆሮዬ ሥር፣ «ችግሩ ከቢሮው ነው በያቸው፤ አንቺ ላይ አይሁን» አለኝ። ለደግነት ነው። ለአፍታም አስቤው ነበር።

«ወረቀቱ አልከለከለም» አልኩ ጮክ ብዬ። «የከለከልኩ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ወረቀቱ የሚለው ውሃው ደኅና ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል ነው።»

ነጋዴው ግራ ገባው። «ይህ ምንድነው? ሊሆን፣ ላይሆን?» አለኝ። «አንተ ያኔ ሐራም አልክ። አሁን ሐላል ነው?»

«ሐላልም አይደለም... ማለቴ፣ ሐራምም አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አላውቅም በል» አልኩት። «ወረቀቱ አላውቅም ነው ያለው።»

ተረጎመው። ማጉረምረም ተነሣ። ያቺ አሮጊት ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ተናገረች፤ ረጅም ነበር፤ ነጋዴው ግን በአጭሩ መለሰልኝ። «ይላል፤ አላውቅም ከሆነ ለምን አላውቅም አላልክም?»

እንግሊዝኛው እንዲህ ነው፣ አማርኛው እንዲያ ነው ብዬ ማስረዳት እችል ነበር። እጇን ያንጠለጠለችው ሴት ፊት ለፊቴ ቆማ ያ ሁሉ ሰዋስው ለማን ይጠቅማል? «ማወቅ ስላለብኝ መስሎኝ ነው» አልኩ። ይህ ወደ በርታኛ እንዴት እንደተመለሰ አላውቅም። አሮጊቷ ግን ትንሽ አየችኝና ከጎኗ ያለውን ድንጋይ በእጇ መታ መታ አደረገች፤ ተቀመጪ ማለቷ ነው። ተቀመጥኩ።

እጀታው ከቢሮው ጓሮ ተፈልጎ፣ ዝገቱ ተፍቆ ተመለሰ፤ ባለሙያውም ናሙናውን በራሱ እጅ ቀዳ። ውጤቱ እስኪመጣ ውሃውን አፍልተው እንዲጠቀሙ ነገርናቸው። ማንም አልነካውም። ሐራም ያልኩት ቃል እንደ እጀታው በብሎን የሚመለስ አልሆነም። ውጤቱ መጣ፤ ደኅና ነው ይላል፤ ሜይ የሚል ቃል ውስጡ እንደሌለ ሦስት ጊዜ ፈትሼ ነው የተረጎምኩት። እሱንም አላመኑንም፤ እውነት አላቸው። በመጨረሻ የመንደሩ ሼህ ፓምፑ ጋ ቆመው፣ ውሃ በወረቀት ሐራም እንደማይሆን ተናግረው፣ በእፍኛቸው ቀድተው ጠጡ። በዚያ ሳምንት ሴቶቹ ተመለሱ። ይህን የነገረኝ ነጋዴው ነው፤ ሱቁ በር ላይ ጨው እየመዘነ፤ «አንተ አሁን ትንሽ ተማርክ» ብሎ ጨመረልኝ።

ኃላፊው ተቆጥተው ነበር፤ ብዙ አልቆዩበትም። «እኔም እኮ ቁርጥ ያለ ስለሆነ ነው የወደድኩት» አሉኝ አንድ ቀን፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

በተከታዩ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ሜይ የሚለው ትምህርት ጋ ስደርስ ሰሌዳው ላይ «ፈቃድ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ «አለማወቅ» ብዬ ጨመርኩ። አንዲት ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ ሺ ሜይ ኖት ጎ ሲል እንዳትሄድ ተከልክላ ነው ወይስ መሄዷ አይታወቅም?»

«ከነገሩ ይታወቃል» አልኩ፤ ወዲያው አፈርኩ።

«ነገሩ ካልተጻፈስ?»

«እንጠይቃለን» አልኳት። «የጻፈውን ሰው እንጠይቃለን።» ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ትክክል ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ዛሬም አይደለሁም። እንግሊዝኛ የሚችሉ ሰዎች ይህን ቃል ሲናገሩ ምንም የሚያቅማሙ አይመስሉም። እኔ አንድ ደብዳቤ ላይ ሳየው አሁንም ብዕሬን አስቀምጣለሁ።

እጇ የተሰበረውን ሴት አሶሳ ገበያ አንድ ጊዜ አግኝቻታለሁ። ባምያ ዘርግታ ትሸጣለች። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ባምያውን ግን በእሱው ነበር የምትሰፍረው። አወቀችኝ። ሰላምታ ሰጠኋት፤ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ እጇን እያየሁ፣

«ያምሻል?» አልኳት።

የምታውቀውን ትንሽ አማርኛ ፈለገች። «ብርድ ሲሆን» አለች።

ይቅርታ ልላት ፈለግኩ። የቱን ይቅርታ በየትኛው ቋንቋ እንደምል ስፈልግ ሌላ ገዢ መጣ። ሰፈረችለት፤ ሸኘችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ባምያ ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ፤ ቅርጫቴንም ዘረጋሁላት።