የተከተበችው መንገደኛ

ከሱዳኗ ሀዋታ ከተማ በተነሳው ሎሪ ላይ ከማሽላው ጆንያ ጥግ ተቀምጣለች። አርባ ዓመት ይሆናታል። የፕላስቲክ ጫማዋ በሽቦ ተሰፍቷል፤ ጣቶቿን የሰሊጥ አጨዳ አጥቁሯቸዋል። ሳል ሲመጣባት የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ረፋዱ ላይ ግን ሳሏ አመለጣት። ተጠጋግተን የነበርነው የቀን ሠራተኞች ሁሉ ሸሸናት። አንዱ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደበ፤ ሎሪው ቆመ።

ከደረቷ በላስቲክ የተጠቀለለ የኮሮና ክትባት ካርድ አወጣች።

«ሁለቴ ተከትቤያለሁ። ልጄ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ እኔ ካልፈረምኩ ቀዶ ጥገናውን አይሠሩላትም። ሐኪሙ የሚጠብቀኝ እስከ ቀትር ነው።»

ከማሉ የሚባለው ሾፌር ካርዱን አገላብጦ አየው።

«አዲሱ ዝርያ የተከተበውንም ይይዛል፤ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ያ ሃጃ፣ እናቴ፣ ውረጂ፤ ካርዱ አያስልም፤ የምታስይው አንቺ ነሽ።»

ሳቅን። ከመካከላችን የተከተበ አንድም ሰው አልነበረም።

«አፍሽን ሸፍኚበት» አላት ከጎኔ ያለው።

አልለመነችም። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ወረደች፤ ሳትቆም የጎማውን ዱካ ይዛ መራመድ ጀመረች። ከዚያ ገዳሪፍ በእግር የአምስት ሰዓት መንገድ ነው።

ሎሪው ተነስቶ አለፋት። እኛም በለቀቀችልን ቦታ እግራችንን ዘረጋን።