ለሰናይት አጨብጭቡ

አዘዞ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ረዳት ሆኜ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ማስጨብጨብ ነበር።

«ሰናይት አንድ ቃል በተናገረች ቁጥር ክፍሉ ያጨብጭብላት» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። «አካቶ ትምህርት ማለት ይኸ ነው።»

ሰናይት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ነገር የሚገባት ቀስ ብሎ ነው፤ ቃልም ከአፏ ቶሎ አይወጣም። ከመምህሩ ጠረጴዛ ጎን ለብቻዋ ወንበር ተሰጥቷታል። ስሙ «የክብር ቦታ» ነው። አጠገቧ ማንም አይቀመጥም።

ይህን ጭብጨባ አውቀዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ እንደሷ ነበር። ያስተማረው ሁሉ አስጨበጨበለት። አምና ሞተ። ከዚያ ሁሉ አጨብጫቢ ለቀብሩ አንድ የክፍሉ ልጅ አልመጣም። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ይህን ሥራ የለመንኩት በሱ ምክንያት ነው።

ከትምህርት ቢሮ እንግዳ ሲመጣ ይብሳል። ሰናይት ቆማ ስሟን ትናገራለች። ቤቱ ይናጋል። እንግዶቹ ፎቶ አንስተው፣ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። በዕረፍት ሰዓት ግን ግንቡን ተደግፋ የሌሎቹን የሱዚ ጨዋታ ታያለች።

አንድ ቀን እናቷ ከሚኖሩበት ከፀዳ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ሰናይት ቤት ገብታ ለብቻዋ ስታጨበጭብ ታመሻለች። የሚያናግራት የለም ወይ? እስከ ፋሲካ አያለሁ። ከዚያ ወዲያ አላመጣትም።»

በማግስቱ ሰናይትን ከምላሰኛዋ ትርንጎ ጎን አስቀመጥኳት። ተረኛም አደረግኳት፤ ሰሌዳ እንድታጠፋ።

ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይተው ገቡ።

«ምነው ከክብር ቦታዋ አነሳሃት? ብትሳሳትስ?»

«ትሳሳት፣ ጋሼ።»

ተሳሳተችም። ልጆቹ ገልብጠው ሳይጨርሱ ሰሌዳውን ሙልጭ አድርጋ አጠፋችው።

«ኧረ አንቺ!» ጮኸች ትርንጎ። «መች ጻፍንና!»

ሰናይት ላይ ተጮኾ አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ለጭብጨባ አነሱ፤ ለምኑ እንደሆነ እንጃ።

ሰናይት ዳስተሩን እንደያዘች ከአፏ ጋር ታገለች።

«ፍ... ፍጠኑ!»

ሳቁ ፈነዳ። እሷም ሳቀች።

«ፍጠኑ ትላለች ደግሞ! ነይ እንግዲህ፣ ምን ይል እንደነበር አብረሽኝ ፈልጊ!» አለች ትርንጎ፣ ደብተሯን እየገፋችላት።

ከፋሲካ በኋላም እናቷ ማምጣታቸውን አልተዉም፤ አንድ ጠዋት ይዘዋት መጡ።

«ትናንት አኩርፋ ገባች» አሉኝ እየሳቁ። «ምነው ብላት፣ ‹ከጓደኛዬ ተጣላሁ› አለችኝ።»

ከኔ በኋላ ለሚገባ ረዳት የምለው ይኸው ነው። ልጁን ተረኛ አድርገው። ሲያጠፋ ልጆቹ ይጩኹበት።